ድንቹ ምን ነካው? በሰሜን ሸዋ ደጋ የድንች ችግርና መፍትሄ

ነሐሴ ላይ ጣርማ በርን ያቋረጠ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ከቆላው በኩል ገደሉን ይዞ ይወጣና መንገዱን ይውጠዋል። መኪናው በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ ነው የሚሄደው። ለሰው ይሄ ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርቦ ይችለዋል። ድንች ግን የሚደርበው የለውም። ቅጠሉ እንደረጠበ ይውላል፣ እንደረጠበ ያድራል። በዚህ አገር ድንች ላይ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

እኔ የማለማው ደብረ ብርሃን ዳር ያለች የጓሮ መሬት ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ክረምቱ ጭቃና ካፊያ፣ ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማይና አመዳይ። በዚህች መሬት ላይ ድንች የሚበላሽበትን መንገድ ሁሉ ሞክሬዋለሁ ብል አላጋነንኩም። አንድ ነገር ግን ታዘብኩ። ሰፈራችን ውስጥ ድንች ምንም ይሁን ምን መልሱ አንድ ነው፤ «ውርጭ መታው» ይባላል። ሐምሌ ላይ ቢጠቁር ውርጭ፣ መስከረም ላይ ቢጠወልግ ውርጭ። እናቴ ደግሞ አንዳንዴ የሰው ዓይን ነው ትላለች። ኧረ ባካችሁ! ውርጭ ያልሆነውን ውርጭ ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ስትቀመጡ፣ ሊድን የሚችለው ማሳ በሳምንት ውስጥ ይሄዳል።

ስለዚህ መድኃኒት ልትገዙ ከመሮጣችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ጧት 1 ሰዓት ሳይሞላ፣ ጤዛው ሳይነሳ ማሳው ውስጥ ግቡ። የታመመውን ቅጠል ገልብጡና ጀርባውን እዩ። ከዚያ አንድ የታመመ ተክል ከነሥሩ ንቀሉ፤ አትሳሱለት፣ ያው የሚሞት ነው። በመጨረሻ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቆሙና ማሳውን በሙሉ ተመልከቱት። የተጎዳው ረባዳው ብቻ ነው? አልፎ አልፎ አንድ አንድ ተክል ነው? ወይስ ከአንድ ጥግ ተነስቶ እየሰፋ ነው? መልሱ ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው ያለው።

ቅጠሉ ላይ ቡናማና ጥቁር እድፍ ወጣ፣ በየቀኑ ይሰፋል

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

መጀመሪያ የምታዩት ከቅጠሉ ጫፍ ወይም ዳር የሚነሳ፣ ውሃ የነካው የሚመስል የደበዘዘ አረንጓዴ እድፍ ነው። በሁለት በሦስት ቀን ይጠቁራል። ጧት ስትገለብጡት በእድፉ ዙሪያ ስስ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ ወጥታ ቅጠሉ ሲደርቅ ሻጋታው ይጠፋል። ከሰዓት ሄዳችሁ «ምንም የለውም» የምትሉት ለዚህ ነው። ከቆየ ግንዱም ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ማሳው ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታችኋል፤ ያን ጊዜ ነገሩ አልፏል።

ይሄ የድንች ዋግ የሚሉት ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ አገሩን በረሃብ የጨረሰው ይኸው በሽታ ነው። የሚወደው አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ሌሊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፣ ቀኑ 20 አካባቢ፣ ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ። ይሄ የኛን ሐምሌና ነሐሴ መግለጫ ነው እኮ። የበሽታው ዘር በንፋስ ይበራል፣ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ጠብታ ውሃ ካገኘ ይገባል። ካፊያው ካልተቋረጠ ደህና የነበረ ማሳ በሳምንት በአሥር ቀን እሳት የላሰው ይመስላል።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ስሙ ዋግ ስለሆነ ለስንዴ ዋግ የተገዛውን መድኃኒት አምጥቶ ድንቹ ላይ የሚረጭ አለ። ቲልት ስንዴው ላይ ጥሩ ነው፤ እዚህ አይሠራም። የድንቹ ዋግ እንደ ስንዴው እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፣ ዝምድናው ከውሃ ውስጥ አልጌ ጋር ነው፤ የስንዴው መድኃኒት የሚመታው ቦታ እሱ ላይ የለም። ብሩም ጊዜውም ይባክናል፣ እናንተ ግን ረጨሁ ብላችሁ ተዝናንታችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔ አንድ ዓመት ይሄን ሠርቼዋለሁ። የሸጠልኝም ሰው «ዋግ ዋግ ነው» ነበር ያለኝ።

የሚሠራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማንኮዜብ ነው። እሱ የዝናብ ልብስ ማለት ነው፤ ቅጠሉን ከውጭ ይሸፍናል እንጂ የገባውን በሽታ አያወጣም። ስለዚህ ከበሽታው በፊት ነው መቅደም ያለበት። ዶፍ ከወረደ ይታጠባል፣ አዲስ የወጣ ቅጠልም ልብስ የለውም፤ በክረምት በየ7 ቀኑ ገደማ መድገም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሪዶሚል ነው፤ ውስጡ ማንኮዜብ አለ፣ ሌላ ቅጠሉ ውስጥ የሚገባ መድኃኒትም አለ። ምልክቱ ገና ሲጀምር ይሄኛው ይሻላል። ግን በየሳምንቱ ሪዶሚል፣ ሪዶሚል፣ ሪዶሚል አትበሉ፤ በሽታው ይለምደዋል። በወቅቱ ሁለቴ ቢበዛ ሦስቴ፣ በመሃል በመሃሉ ማንኮዜብ። ልኩን ከሰው አትጠይቁ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከረጩ በኋላ ለመብላት ስንት ቀን መቆየት እንዳለበትም እዚያው አለ። የጀርባ መርጫውን ስታዝሉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ። የቅጠሉን ጀርባ ጭምር ካልነካ የተረጨ አይባልም።

ከመድኃኒቱ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ። ባለፈው ዓመት መሬት ውስጥ ቀርቶ ብቅ ያለውን ወፍ ዘራሽ ድንች አይተን እናልፈዋለን፤ «በነጻ የመጣ» ብለን እንዲያውም ደስ ይለናል። በሽታው ከዓመት ዓመት የሚሻገረው በሱና አጥር ሥር በጣልነው ብስባሽ ድንች ነው። ንቀሉት፣ ቅበሩት። አጠጋግታችሁ አትትከሉ፤ በመደብ መሃል 75 ሳንቲሜትር፣ በተክል መሃል 30። ትንሽ ንፋስ ካለፈበት ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። መደቡንም ንፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ አድርጉት። ከዛፍ ጥላና ከግንብ ሥር ራቁ።

የዘር ነገር ደግሞ አለ። ጉደኔ፣ በለጠ፣ ጌራ የሚባሉት ደጋ ላይ የሚተከሉ ናቸው፤ ከድሮው የአገር ድንች ይልቅ ዋግን ይችላሉ ይባላል። «ይችላል» ማለት ግን አይያዝም ማለት አይደለም። ይዘገያል ማለት ነው። የዘገየው ሁለት ሳምንት ድንቹ ለመሙላት ይበቃዋል፣ ጥቅሙ እሱ ነው።

ማሳው ከግማሽ በላይ ከጠቆረስ? መርጨት ተዉት። ግንዱን ከመሬት በላይ አጭዳችሁ ከማሳው አውጡና ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይታችሁ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ቆፍሩ። ያልታጨደ የታመመ ቅጠል ካለ ዝናቡ በሽታውን አጥቦ ወደ ድንቹ ያወርደዋል፤ ያኔ ጎተራ ውስጥ ነው የምታለቅሱት።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌው የታችኛው ቅጠል ላይ ደረቅ፣ ክብ በክብ የሆነ እንደ እንጨት ቀለበት ያለ ነጥብ ካያችሁ ያ ሌላ በሽታ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በዚህኛው እንቅልፍ አታጡ።

ማታ ደህና ነበር፣ ጧት ጠቁሮ ተገኘ

ይሄ እንግዲህ እውነተኛው ውርጭ ነው። ከዋጉ የሚለይበት ሦስት ነገር አለው። በአንድ ሌሊት ነው የሚመጣው። ከላይ ያለውን ለጋ ቅጠል ነው የሚመታው፣ ዋጉ ግን ብዙ ጊዜ ከታች፣ ጥላና እርጥበት ካለበት ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ብትገለብጡት ነጭ ሻጋታ የለም። ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይንጠለጠላል፣ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። ወቅቱም ይነግራችኋል፤ ደመና ባለበት የነሐሴ ሌሊት ውርጭ አይወርድም። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ንፋሱ ጸጥ ሲል፣ ኮከቡ ሲበዛ ነው።

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ረባዳው ይፈሳል፣ እዚያ ይተኛል። ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ጧት ጧት ነጭ ሆኖ ሲያድር ትንሽ ከፍ ያለው ዳገት ምንም ሳይሆን የሚያድረው ለዚህ ነው። እኔ የመጀመሪያው ዓመት የተከልኩት ግቢዬ ውስጥ ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ነበር፣ አፈሩ ወፍራም ስለሆነ። ከላይ በኩል ግንብ፣ ከታች በኩል ግንብ፤ ቀዝቃዛው አየር ገብቶ መውጫ የለውም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ በሁለት ሌሊት አለቀ። የታችኛውን አጥር በእንጨት ቀይሬ ክፍተት ስተውለት በቀጣዩ ዓመት ጉዳቱ ቀነሰ።

ዋናው መፍትሄ የቀን መቁጠሪያ ነው። ድንች እንደ ዓይነቱ ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል። ሰኔ መግቢያ ላይ የተተከለ የ110 ቀን ድንች መስከረም አጋማሽ ላይ ይደርሳል። ያንኑ ሐምሌ 1 ብትተክሉት ጥቅምት 16 ነው፣ አመዳዩ መሃል። የአንድ ወር መዘግየት ማለት ያ ነው። የበልግ ዝናብ ያለበት ቦታ ያላችሁ ደግሞ በልግ ላይ ትከሉ፤ የውርጩም የዋጉም ጉልበት ያኔ ያንሳል። በመስኖ የምትተክሉ የባሰውን ብርድ ካለፈ በኋላ ይሻላችኋል።

ሌሊቱ ያስፈራ ከሆነና መሬቷ የጓሮ ከሆነች መሸፈን ይቻላል። ባና፣ አሮጌ አንሶላ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፤ ያለው ሁሉ ይሆናል። ግን ቅጠሉ ላይ አትጫኑት፣ እንጨት ተክላችሁ ከላይ ዘርጉት። ጧት ፀሐይ ስትወጣ አንሱት። ቀን ላይ መሬቱን ውሃ አጠጡት፤ እርጥብ መሬት የቀኑን ሙቀት ይይዝና ሌሊት ይሰጣል። ገለባ መሬቱ ላይ ማንጠፍ ግን በውርጭ ወቅት ይጎዳል፣ ከመሬቱ የሚወጣውን ሙቀት ለቅጠሉ እንዳይደርስ ይከለክላል። እሳት አንድዶ ማጨስን በተመለከተ፣ እኔ ካየሁት ሰውን ያስለቅሳል እንጂ ድንቹን አላዳነም።

ከተመታ በኋላ ወዲያው አትጨዱ። ገና ለጋ ከሆነ ከመሬት ሥር ያለው ዓይን እንደገና ያቆጠቁጣል፣ አንድ ሳምንት ጠብቁት። ድንች የያዘ ከሆነ ግን ግንዱን አጭዳችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩና አውጡት።

አረንጓዴ እንደሆነ ጠወለገ

ቅጠሉ አልጠቆረም። ቢጫም አልሆነም። ዝም ብሎ እኩለ ቀን ላይ ይወድቃል፣ ማታ ይነሳል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ይጫወትና አንድ ቀን ሳይነሳ ይቀራል። የሚያጠቃውም አንዱን ተክል ነው፤ ጎረቤቱ ደህና ቆሟል።

መጀመሪያ ንቀሉት። ሳብ ስታደርጉት ያለ ሥር እጃችሁ ላይ ከመጣ፣ አጠገቡም አዲስ የአፈር ቁልል ካለ ፍልፈል ነው፣ በሽታ አይደለም። ሥሩ ካለ ግን ይሄን ሞክሩ። ግንዱን ከመሬት አጠገብ ቁረጡ፣ ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ የተቆረጠውን ጫፍ ዝቅ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት፣ ሳትነቀንቁ ጠብቁ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ አጠውልግ ነው። ባክቴሪያ ነው። ድንቹንም ለሁለት ብትቆርጡት ከልጣጩ ትንሽ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት አለው፣ ስትጫኑት ይፈሳል። አንዳንዱ ከቁፋሮ ሲወጣ ዓይኑ ላይ አፈር ተለጥፎበት ነው የሚወጣው።

መድኃኒት የለውም። ይሄን ቁርጥ አድርጌ የምናገረው ሱቅ ብትሄዱ «አለ» የሚላችሁ ስለማይጠፋ ነው። የታመመውን ከነድንቹና ከነዙሪያ አፈሩ አውጡ፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉ፣ ወንዝ ውስጥ ፈጽሞ አትጣሉ፣ ራቅ አድርጋችሁ በጥልቀት ቅበሩ። የቆፈራችሁበትን ዶማ በበረኪና እጠቡ። በዚያ መሬት ላይ ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት ድንች አይተከልም። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬም እንደዚያው፣ ዘመዶቹ ናቸው። ገብስ ዝሩበት፣ ስንዴ ዝሩበት።

የሚያስቸግረው የደጋው ነገር ነው። ብርድ ይሄን በሽታ ይደብቀዋል። ተክሉ ሳይጠወልግ፣ ድንቹ ያማረ ሆኖ፣ ውስጡ ግን በሽታውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። እኔ ከገበያ አንድ ኩንታል «የደጋ ንጹሕ ዘር ነው» ተብዬ ገዝቼ፣ ያን ዓመት ሙቀቱ ከፍ ሲል ነው የገለጠው። ሻጩን መውቀስ ይከብደኛል፣ እሱም ያየው ያማረ ድንች ነው። ከዚያ ወዲህ ከማላውቀው ማሳ ዘር አልገዛም። ዘር የሚያባዙ ማኅበራት አሉ፤ ደብረ ብርሃንም የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ንጹሕ ዘር ከየት እንደሚገኝ እዚያ ጠይቁ። ዘሩን ቆርጣችሁ አትትከሉ። አንዱ የታመመ ድንች ቢላዋውን ከነካ ቀጣዩ ሃያ ድንች ተበከለ ማለት ነው። የእንቁላል የሚያህለውን ሙሉውን ትከሉት።

ቢጫ ሆነ፣ አላድግ አለ

ሁለት ነገር ነው። አንዱ ርሃብ፣ አንዱ መስጠም።

ርሃቡ ናይትሮጅን ነው። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ይጀምርና እኩል ይገረጣል፣ የላይኛው አረንጓዴ ነው። ዩሪያ ይፈልጋል። ግማሹን ስትተክሉ፣ ግማሹን አፈር ስታስታቅፉ ስጡት። ከልክ በላይ ከሰጣችሁት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሰው ያደንቅላችኋል፣ ሥሩ ስትሄዱ ግን አተር የሚያህል ድንች ነው። የተንዠረገገ ቅጠል ደግሞ አይደርቅም፤ ወደ ዋጉ ተመለስን።

መስጠሙ ሌላ ነው። ሙሉው ተክል ይገረጣል፣ ስትነቅሉት ሥሩ ቡናማና ለስላሳ ነው፣ ይሸታል። አንዳንዴ የግንዱ ሥር ቀለም የተቀባ ይመስል ይጠቁራል፣ ያ ብስባሽ ነው፣ ያንን ተክል አውጡት። ዋልካ መሬት ያለው ሰው ይሄን በደንብ ያውቃል። የእነዋሪ ሰው ዋልካን መደብ በመደብ በእጁ እያበጀ ውሃውን ሲያጠፋ የኖረው ቢቸግረው ነው፤ ያውም ለስንዴና ለምስር። ድንች ደግሞ ከነሱ የባሰ ውሃ ይፈራል። ሜዳ ላይ አትትከሉ። ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ አድርጉ፣ መሃሉን ቦይ ተዉለት፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚመልስ ፈሰስ አውጡ። ፈሰሱን ቁልቁል ቀጥ አታድርጉት፣ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ ገደም አድርጉት። ወዴት እንደሚወጣም አስቡ። እኔ ሳላስብ የጎረቤቴ የእማማ ጎመን ላይ ለቀቅኩት። «ልጄ፣ ያንተ ድንች ይዳን ብለህ የኔን ጎመን ልታሰምጠው ነው?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። አብረን አንድ ቦይ ቆፍረን ወደ መንገዱ ዳር አወጣነው።

ተተከለ፣ አልበቀለም

አንድ ሁለቱን ቆፍራችሁ እዩ። ጠንካራ ሆኖ ያለ ጉንቁል ከተኛ እንቅልፉን አልጨረሰም። ድንች ከተቆፈረ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ይተኛል፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። የበልጉን አውጥታችሁ ወዲያው ለክረምት ብትተክሉት ይሄው ነው የሚገጥማችሁ። ለስልሶ በስብሶ ካገኛችሁት ደግሞ ቆርጣችሁ ተክላችኋል፣ ወይም በጥልቀት ቀብራችሁታል፣ ወይም መሬቱ ጭቃ ነበር።

መፍትሄው ከመትከል በፊት ነው። ዘሩን ብርሃን የሚገባበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ፣ ንፋስ በሚያልፍበት በእንጨት ቆጥ ላይ በስሱ ዘርጉት። ጨለማ ውስጥ የሚበቅል ጉንቁል ነጭና ረጅም ነው፣ ሲነካ ይሰበራል። በብርሃን የበቀለው አጭርና ድፍን ነው። አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ሲደርስ ትከሉት። መጀመሪያ ብዙ አፈር አትጫኑበት፣ ሲያድግ እያስታቀፋችሁ ትጨምሩለታላችሁ።

ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ምርቱ በየዓመቱ ያንሳል

ገበሬው «ዘሩ አረጀ» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ያስረጀው ዕድሜው ሳይሆን በውስጡ የተጠራቀመው ቫይረስ ነው። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፈዋል፣ ከዚያ በዘሩ ይሻገራል። ቅጠሉ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ይሆናል፣ ተክሉ ይቀጭጫል።

የኛ ትልቁ ስህተት ትልልቁን ሸጠንና በልተን ትንንሹን ለዘር ማስቀመጣችን ነው። ድንቹ ትንሽ የሆነው ብዙ ጊዜ እናቱ ታማ ስለነበረች ነው። እንዲህ አድርጉ። አበባ ሲይዝ ማሳው ውስጥ ግቡና በጣም ያማረውን፣ ቅጠሉ ንጹሕ የሆነውን ተክል እየመረጣችሁ አጠገቡ እንጨት ትከሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ ምልክት ካደረጋችሁባቸው መሃል የታመመ ካለ እንጨቱን ንቀሉ። ስትቆፍሩ የእነዚያን ለብቻ አውጡ፤ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ድንች አይታችሁ፣ ብዙና ቅርጹ ጥሩ ከሆነ ብቻ ለዘር ያዙት። ወጪ የለውም፣ ትዕግሥት ብቻ ነው።

የሚበሉት

ገና የበቀለው ከመሬት ላይ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ወድቆ ካገኛችሁት ቆራጭ ትል ነው። አፈሩን በጣት ጫር ብታደርጉ እዚያው ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ፣ ጧት ጧት ልቀሙት። ፍልፈሉን በወጥመድ ነው፤ ሌላ የሰማሁት ሁሉ ወሬ ሆኖብኛል። ጃርት ደግሞ ሌሊት መጥቶ መደቡን ገልብጦ ይሄዳል፣ ወፍ ዋሻ ጫካ አካባቢ ያላችሁ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጠንካራ አጥርና ውሻ፤ እሱም ካልተኛ።

ስታወጡት የሚታይ ችግር

አረንጓዴ የሆነ ድንች ፀሐይ አይቶ ነው። ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ሲያጋልጠው ይመጣል። መራራ ነው፣ መርዝነትም አለው፤ ለሰው አትስጡት፣ ለከብትም አትስጡት። ለዘር ግን ይሆናል። ቢያንስ ሁለቴ አስታቅፉ፤ አንዴ ከበቀለ ከወር ገደማ በኋላ፣ አንዴ ቅጠሉ መደቡን ሳይሸፍን።

የተሰነጠቀ ወይም መሃሉ ባዶ የሆነ ድንች ደረቅ ከርሞ ድንገት ብዙ ውሃ ሲያገኝ የሚሆን ነው። ይበላል፣ ቆርጣችሁ ብሉት።

ልጣጩ ላይ ጎድጎድ ያለ ጠቆር ያለ እድፍ ካለውና ስትቆርጡት ከልጣጩ ሥር ቀይ ቡናማ ከሆነ ዋጉ ወርዶበታል። ያንን ከደህናው ጋር አትደባልቁት። የበሰበሰ አንድ ድንች ኩንታሉን ይዞ ይሄዳል። በዝናብ ቀን አትቆፍሩ። ቆፍራችሁ ጥላ ሥር አጠንፍፉት፣ አትጠቡት፣ የቆሰለውን ለይታችሁ ያንኑ ሳምንት ብሉት። የሚበላውን ጨለማ ቦታ፣ የሚተከለውን ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጡ። በየሳምንቱ እጃችሁን ሰድዳችሁ ዳብሱ፤ የረጠበ ነገር ከነካችሁ ሁሉንም አውጥታችሁ እንደገና ልቀሙት።